በሲንትራ ተራራ ላይ የሚገኘው የሙሮች ምሽግ፦ ታሪኩና አሠራሩ

በፖርቱጋል፣ ከሊዝበን በስተሰሜን ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሲንትራ ከተማ አናት ላይ፣ ከባሕር ወለል 400 ሜትር ግድም ከፍ ባሉ ሁለት ተጎራባች የግራናይት ጉብታዎች ላይ የተዘረጋ ጥንታዊ ምሽግ አለ። ፖርቱጋላውያን «ካስቴሎ ዶስ ሞውሮስ» ይሉታል፤ የሙሮች ምሽግ ማለት ነው። ሙሮች የሚባሉት እ.ኤ.አ. በ711 ከሰሜን አፍሪካ ባሕር ተሻግረው የአይቤሪያን ልሳነ ምድር የያዙት አረቦችና በርበሮች፣ ከእነርሱም ጋር እስልምናን ተቀብለው የኖሩት የአገሩ ተወላጆች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ምሽጉ በ8ኛው ወይም በ9ኛው ምዕተ ዓመት እንደተመሠረተ በአብዛኛው ይታመናል፤ ወደ 10ኛው ምዕተ ዓመት የሚያዘገዩትም አሉ። ቦታው ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ የሰው መኖሪያ ነበር። ከግንቡ አጠገብ በተደረገ ቁፋሮ የአዲሱ የድንጋይ ዘመን ገበሬዎች የተዉት የሸክላ ስብርባሪና የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቷል።

ሙሮች ይህን ቦታ ለምን እንደመረጡት ከግንቡ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ወዲያው ይገባዋል። በጠራ ቀን በስተምዕራብ የአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በስተሰሜን እስከ ማፍራ የሚደርሰው ሜዳ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ወደ ሊዝበን የሚወስደው አገር ወለል ብሎ ይታያል። ከባሕር የሚመጣን መርከብም ሆነ በየብስ የሚገሰግስን ሠራዊት አስቀድሞ ለማየት በአካባቢው ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ይሁን እንጂ በመካከለኛው ዘመን ስለ ሲንትራ የጻፉ የአረብ ጂኦግራፊ ሊቃውንት ጉም የማይለያት ምድር እንደሆነች መዝግበዋል፤ ተራራው ከውቅያኖሱ የሚመጣውን እርጥብ አየር ስለሚያግደው ዛሬም ግንቡ ብዙ ጊዜ በጉም ይሸፈናል። ስለዚህ ጠባቂዎቹ የቆሙበት ቦታ ድንቅ ቢሆንም ሥራቸው በአየሩ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነበር።

የአሠራሩ ዋና ብልሃት ግንበኞቹ ከተራራው ጋር ሳይታገሉ ተራራውን ራሱን የግንቡ አካል ማድረጋቸው ነው። ቅጥሩ ቀጥ ያለ መሥመር የለውም፤ የጉብታዎቹን ጠርዝ ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠማዘዛል። ግዙፍ የግራናይት ቋጥኝ ባለበት ሁሉ ቋጥኙ መሠረት ወይም ራሱ ግድግዳ ሆኖ ግንቡ በላዩ ይቀጥላል፤ ገደሉ በሚያስፈራበት በኩል አጥቂ ሊወጣበት ስለማይችል ያን ያህል ከፍታ አላስፈለገም። የውስጠኛው ቅጥር ዙሪያ 450 ሜትር፣ የያዘው መሬትም 12 ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከእርሱ በታች ቁልቁለቱን የሚከላከል የውጭ ቅጥር አለ። በግንቡ ላይ ጠባቂዎች የሚመላለሱበት መተላለፊያ ተሠርቷል፤ በመተላለፊያው ጠርዝ ላይም ወታደር ከኋላቸው ተከልሎ የሚመለከትባቸውና የሚወረውርባቸው፣ ጫፋቸው የሾለ ጥርስ መሰል ድንጋዮች ተደርድረዋል። ማማዎቹ አብዛኞቹ አራት ማዕዘን ናቸው። ከዋናው መግቢያ ሌላ በገደሉ በኩል በክፉ ቀን ለመውጣትም ሆነ መልእክተኛ ለመላክ የሚያገለግል ጠባብ በር አለ፤ ፖርቱጋላውያን «የክህደት በር» የሚሉት ይህን ነው።

በቅጥሩ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው የውኃ ማጠራቀሚያው ነው። በተራራ አናት ላይ የተከበበ ጦር ከጠላት ቀስት በፊት የሚያሸንፈው ጥም ነውና፣ 18 ሜትር ያህል ርዝመትና 6 ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጣሪያው በድንጋይ ቅስት የተሸፈነ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ተሠርቶ ነበር። አንድ የሙሮች ንጉሥ ከሥሩ ተቀብሯል የሚል አፈ ታሪክ አለ፤ ይህን የሚደግፍ ማስረጃ የለም። ከዚህ ሌላ በአለቱ ውስጥ የተፈለፈሉ፣ አፋቸው ጠባብ ሆዳቸው ሰፊ የእህል ጉድጓዶች በርካታ ናቸው። እህሉ እርጥበትና አየር እንዳያገኘው አፋቸው ይዘጋ ነበር። ጉድጓዶቹ ሳይጠቀሙባቸው ሲቀሩ ቆሻሻ መጣያ ሆኑ፤ ዛሬ ስለ ነዋሪዎቹ አመጋገብና የቤት ዕቃ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘውም ከዚያው ነው።

ምሽጉ በጦርነት ታሪክ ያለው ድርሻ ከግርማው ጋር አይመጣጠንም። ዕጣው የሚወሰነው በሊዝበን ነበር። የኮርዶባ ከሊፋነት በ1031 ፈርሶ አገሩ በትንንሽ ነገሥታት ከተከፋፈለ በኋላ፣ የባዳኾዙ ገዢ አል ሙተወኪል ከደቡብ የሚገፉትን አልሞራቪዶች፣ ማለትም ከሰሜን አፍሪካ የተነሣውን የበርበር ሥርወ መንግሥት ፈርቶ የክርስቲያኑን የሊዮንና የካስቲል ንጉሥ የአልፎንሶ 6ኛን ጥበቃ ፈለገ፤ ለዚህም ዋጋ በ1093 ሊዝበንን፣ ሳንታሬምንና ሲንትራን አስረከበው። የተገዛው ሰላም ግን አልቆየም፤ አልሞራቪዶች አል ሙተወኪልን ገደሉት፣ ሊዝበንንም መልሰው ያዙ። በ1109 የፖርቱጋል ኮንት (መስፍን) የነበረው ሄንሪ ሲንትራን ለክርስቲያኖች መልሶ ያዘ፤ ይህም ድል አልዘለቀም፣ ሲንትራ እንደገና በሙሮች እጅ ገባች። በዚሁ ጊዜ ግድም ወደ ኢየሩሳሌም በመርከብ ይጓዝ የነበረው የኖርዌይ ንጉሥ ሲጉርድ «ሲንትሬ» የተባለ ምሽግ እንደያዘ የኖርዌይ ትውፊት ይተርካል፤ የተባለው ቦታ ይህ ምሽግ ይሁን ወይም ወደ ባሕሩ ቀረብ ያለው ኮላሬስ ገና አልተወሰነም።

የመጨረሻው ለውጥ የመጣው በ1147 ነው። የፖርቱጋል የመጀመሪያ ንጉሥ አፎንሶ ሄንሪኬስ ወደ ቅድስት አገር በሚያልፉ የሰሜን አውሮፓ መስቀለኞች ታግዞ ሊዝበንን ለወራት ከከበበ በኋላ በጥቅምት ወር ያዛት። ሊዝበን ከወደቀች በኋላ በሲንትራ የነበሩት ሙሮች ያለ ውጊያ እጃቸውን ሰጡ። ጠንካራው ግንብ ሳይፈተን መቅረቱ የሠሪዎቹን ሙያ የሚያሳንስ አይደለም፤ ረዳት ሊመጣለት የማይችል ምሽግ ምን ያህል ቢጸና ቀኑን ከማራዘም አያልፍም። በ1154 ንጉሡ በሲንትራ ለሰፈሩ ሠላሳ ሰዎች መብታቸውንና ግዴታቸውን የሚዘረዝር ደብዳቤ ሰጠ። በሁለቱ ቅጥሮች መካከል ቅዱስ ጴጥሮስ ዘካናፌሪም የተባለ ትንሽ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ታነጸ፤ በዙሪያውም የመቃብር ቦታ ተዘረጋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን በጥቂት ቃል ያልቃል። ንጉሥ ፈርናንዶ 1ኛ በ1375 ግንቡ እንዲታደስ አዘዘ። ነዋሪው ቀስ በቀስ ወደ ታችኛው ከተማ ወረደ፤ በ15ኛው ምዕተ ዓመት በአምባው የቀሩት አይሁድ ብቻ እንደነበሩና እነርሱም አይሁድ ከአገሪቱ እንዲወጡ በ1496 በታወጀ ጊዜ እንደለቀቁት ይነገራል። በ1636 መብረቅ ዋናውን ማማ ጎዳው፣ በ1755 ሊዝበንን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥም ቅጥሩን ሰነጠቀው።

ዛሬ የሚታየው ምሽግ ሕይወቱን ያገኘው ከዶም ፈርናንዶ 2ኛ ነው። የንግሥት ማሪያ 2ኛ ባል የነበረው ይህ ጀርመናዊ ልዑል በ1838 በአጠገቡ ካለው ተራራ ላይ የነበረውን የፔና ገዳም ፍርስራሽ ገዝቶ ቤተ መንግሥት ሲያሠራበት፣ በቀጣዩ ዓመት ምሽጉን ከሲንትራ ማዘጋጃ ቤት በኪራይ ወሰደ። የወደቀውን ቅጥር አስነሣ፣ መንገድ አስጠረገ፣ የተራቆተውን ተዳፋት በዛፍ አስሸፈነ። ዓላማው ግንቡን ለውጊያ ማዘጋጀት ሳይሆን፣ በዘመኑ የሮማንቲክ መንፈስ የጥንቱን ፍርስራሽ ከጫካው ጋር አዋሕዶ ከቤተ መንግሥቱ መስኮት የሚታይ ውበት ማድረግ ነበር። በዚህም የተነሣ አንዳንድ የአርኪዮሎጂ ሰዎች ይወቅሱታል፤ የትኛው ድንጋይ የሙሮች፣ የትኛው የእርሱ ግንበኞች እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራልና። ወቀሳው እውነት አለው፤ ነገር ግን እርሱ ባይደርስለት ኖሮ ልንከራከርበት የምንችለው ግንብ ይተርፍ እንደነበር ያጠራጥራል። በሥራው ወቅት በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የሰው አጽም በወጣ ጊዜ የክርስቲያን ይሁን የእስላም ሊለይ ስላልቻለ ሁሉንም በአንድ መቃብር አስቀብሮ በድንጋዩ ላይ መስቀልና ጨረቃ አብረው እንዲቀረጹ አደረገ።

ፈርናንዶ በ1885 ሲሞት ንብረቱ «የኤድላ ኮንቴስ» የሚል የማዕረግ ስም ለነበራት ለሁለተኛ ሚስቱ ተላለፈ፤ መንግሥት በ1889 ከእርሷ ገዛው። ምሽጉ በ1910 ብሔራዊ ቅርስ ተባለ፣ በ1995 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት በመዘገበው የሲንትራ ባህላዊ ገጽታ ውስጥ ተካተተ። ከ2000 ወዲህ የተራራውን ፓርኮችና ሐውልቶች የሚያስተዳድረው ድርጅት ከ2009 ጀምሮ ባካሄደው ሰፊ ጥገናና ቁፋሮ፣ ከውስጠኛው ቅጥር ውጭ የሙሮች መኖሪያ ቤቶች መሠረት፣ ምድጃና የእህል ጉድጓድ፣ ከእነርሱም በላይ በኋላ የመጡት ክርስቲያኖች መቃብር ተገኝቷል። በቅጥሩ ላይ ያለውን የ19ኛው ምዕተ ዓመት እጅ ለማይወዱ ሁሉ አስተማማኙ ምስክር ይህ ከመሬት በታች የቀረው ሰፈር ነው። ከጉድጓዶቹ የወጡት ዕቃዎች አሁን ጣሪያ ተደርጎለት የጎብኝዎች ማብራሪያ ማዕከል በሆነው በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይታያሉ።