የሎካል ሰርቨር መቆጣጠሪያ ፓነል፦ ዛምፕና ዘመዶቹ በአዳማ

ሎካል ሰርቨር ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳው ሰርቨር ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ዶሜይን አይፈልግም፣ የሆስቲንግ ክፍያም የለበትም። ብሮውዘር ላይ ሎካልሆስት ብለህ ትጽፋለህ፣ ገጹ ከራስህ ሃርድ ዲስክ ይመጣልሃል። ይህንን በትእዛዝ መስመር ማስነሳት ይቻላል። አዳማ ውስጥ ግን ፒኤችፒ የሚባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ የተማረ ሰው አብዛኛው የጀመረው ስታርት የሚል ቁልፍ ተጭኖ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ቁልፍና ቁልፉ ስላለበት መስኮት ነው። በብዛት የሚያወራው ስለ ዊንዶውስ ነው፤ እዚህ ከተማ ላቡም ላፕቶፑም አብዛኛው እሱ ስለሆነ።

ከየት መጣ

ፒኤችፒ፣ ዌብ ሰርቨሩ አፓቼ እና ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1995 ብቅ ያሉ ናቸው። ለየብቻ ጭኖ እርስ በርስ ማስተዋወቅ ግን አድካሚ ነበር። አንዱን ስታስተካክል ሌላው ይበላሻል። በ2002 በርሊን ውስጥ ካይ ዛይድለርና ካይ ፎገልገዛንግ የተባሉ ሁለት ሰዎች አፓቼ ፍሬንድስ የሚል ፕሮጀክት መሥርተው ሁሉንም በአንድ ጥቅል አቀረቡት። ዛምፕ የምንለው እሱ ነው። ተመሳሳይ ጥቅሎች ከዚያም በፊት ነበሩ፣ ለምሳሌ የፈረንሳዩ ኢዚፒኤችፒ።

ዛምፕ ሲወጣ ዩኒቨርሲቲያችን ገና ኮሌጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተመሠረተው ተቋም በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ደግሞ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በመካከሉ ጀርመናዊ፣ ኋላም ኮሪያዊ ፕሬዚዳንት መርተውታል። አዲስ አበባም የራሱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ በዕድሜ ግን የኛው ይበልጣል፣ ይህን መጥቀስ አይከፋም። ዛምፕ ወደ ተማሪው እጅ የገባው በዳውንሎድ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ያወርደዋል፣ ከዚያ በፍላሽ ዶርም ለዶርም ይዞራል። ለዚህ ነው በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ዓይነት ቨርዥን የምታገኘው።

ፓነሉ ላይ ያለው ነገር

የዛምፕ ፓነል ሲከፈት አምስት መስመር ይታያል፦ አፓቼ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ፋይልዚላ፣ ሜርኩሪ እና ቶምካት። የመጨረሻዎቹን ሦስት የሚነካ ሰው ብርቅ ነው። ቶምካት ጃቫ ለሚማሩ ትንሽ ያገለግላል፣ ፋይልዚላ የፋይል ማስተላለፊያ፣ ሜርኩሪ የኢሜይል ሰርቨር ነው፣ በቃ። ስታርት ስትጫን የሞጁሉ ስም ቢጫ ይሆንና ሲነሳ አረንጓዴ ይለብሳል። ከጎኑ የፖርት ቁጥሩ፣ ማለትም ሰርቨሩ ጥያቄ የሚቀበልበት በር ቁጥር፣ ይጻፋል፤ ለአፓቼ 80 እና 443፣ ለማይኤስኪውኤል 3306። አንድ ነገር እናስተካክል፦ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2015 ወዲህ በውስጡ ያለው ማይኤስኪውኤል ሳይሆን ከሱ የወጣው ማሪያዲቢ ነው። ፓነሉ ላይ የድሮው ስም ነው የቀረው። ዶክመንቴሽን ላይ የተጠቀምንባቸው ቱሎች ብሎ ማይኤስኪውኤል የሚጽፍ ግሩፕ ፕሮጀክቱን በሚያቀርብበት ዲፌንስ ላይ ቢጠየቅ እንዳይደነግጥ።

አድሚን የሚለው ቁልፍ በማይኤስኪውኤል በኩል ሲጫን የዳታቤዝ ማስተዳደሪያውን ፒኤችፒማይአድሚንን ይከፍታል። ጀማሪን የሚያወዛግበው እዚህ ጋ ነው። ዳታቤዙን አስነስቶ አድሚንን ይጫናል፣ ገጹ አይከፈትም። ፒኤችፒማይአድሚን ራሱ የፒኤችፒ ድረ ገጽ ስለሆነ አፓቼም መነሳት አለበት። ሌላው የሚያወዛግበው መዝጊያው ነው። መስኮቱን በኤክስ ብትዘጋው ፓነሉ ሰዓቱ አጠገብ ተደብቆ ይቀመጣል። ኩዊት ብትለው ደግሞ ፓነሉ ይወጣል እንጂ ሰርቨሮቹ አይቆሙም። ስቶፕ ማለት ያንተ ሥራ ነው።

ከሁሉም ቁልፍ በላይ የሚረሳው ሎግስ ነው። በእኔ እይታ ፓነሉ ላይ ካለው ሁሉ ዋጋ ያለው እሱ ነው። አፓቼ ሳይነሳ ሲቀር ፓነሉ በቀይ ጽሑፍ ሳይታሰብ ቆመ ይልና ምክንያቱ የተያዘ ፖርት፣ የጎደለ ፋይል ወይም የፈቃድ ችግር ሊሆን ይችላል ብሎ ይዘረዝራል። ቀጥሎም ሎግስን ተጭነህ እይ ይላል። በግልጽ ተጽፎ እያለ ግን የመጀመሪያው መፍትሔ አጥፍቶ እንደገና መጫን ይሆናል። ዳታቤዙም አብሮ ይሄዳል።

የፖርት ጣጣ

ፓነሉ አንዳንዴ ፖርት 80 ተይዟል፣ የያዘው ፕሮሰስ ቁጥር 4 ነው ይላል። ቁጥር 4 የዊንዶውስ የራሱ ሲስተም ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው የማይክሮሶፍት ዌብ ሰርቨር ነው፣ ሰርቪስስ ውስጥ ገብተህ ታቆመዋለህ። በድሮ ጊዜ ስካይፕ ነበር የሚከሰሰው፤ እውነትም የቀድሞ ቨርዥኖቹ 80 እና 443ን ይይዙ ነበር። ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳውን ቪኤምዌር የጫነ ሰው ደግሞ 443 ላይ ይጋጭበታል። ማን እንደያዘው ለማወቅ በቀኝ በኩል ያለውን ኔትስታት መጫን ይበቃል።

ማቆም ካልፈለግህ አፓቼን ወደ 8080 ማዛወር ነው። ኮንፊግ ውስጥ የአፓቼን ፋይል ከፍተህ ሊስን 80 የሚለውን ሊስን 8080 ታደርጋለህ፣ ሰርቨርኔም የሚለውንም እንዲሁ። ከዚያ አድራሻው ሎካልሆስት፣ ሁለት ነጥብ፣ 8080 ይሆናል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አለ። ፓነሉ የራሱ ሴቲንግ ውስጥ የፖርት ቁጥር መሙያ ቦታ አለው፤ እሱን ብቻ ቀይሮ ሰርቨሩ የተቀየረ የሚመስለው ብዙ ነው። ያ ቦታ ፓነሉ የትኛውን ፖርት እንደሚፈትሽ ነው የሚነግረው። ሰርቨሩን የሚያዝዘው የራሱ የኮንፊግ ፋይል ነው። ፓነሉ መስኮት ነው፣ ቤቱ ሌላ ነው።

መብራትና ማይኤስኪውኤል

አዳማ መብራት የሚመነጭባት ከተማ ናት። ከከተማው ወጣ ብለው ያሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋዋት አቅም አላቸው። ተርባይኖቹ ከሩቅ ሲሽከረከሩ እየታዩ ዴስክቶፑ ድርግም ይላል፣ ያስቃልም ያናድዳልም። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ይተርፋል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕና ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ግን ዳታቤዙ እየጻፈ እያለ ይጠፋሉ። ሲመለስ ማይኤስኪውኤል አረንጓዴ ይሆንና ወዲያው ይጠፋል። ሁልጊዜ መብራቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ሳያቆሙ ኮምፒውተር ማጥፋትም፣ አንቲቫይረስም ያመጡታል። እዚህ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው መብራት ነው።

የሚሠራው መፍትሔ ይህ ነው። መጀመሪያ ፓነሉ ላይ ማይኤስኪውኤልን ስቶፕ በል። ዛምፕ ፎልደር ውስጥ ማይኤስኪውኤል የሚለው ጋ ገብተህ ዳታ የሚለውን ፎልደር ስሙን ቀይረው፣ ዳታ አሮጌ በለው። አትሰርዘው። አጠገቡ ባክአፕ የሚል ፎልደር አለ፤ እሱን ኮፒ አድርገህ ዳታ ብለህ ሰይመው። ከአሮጌው ውስጥ የራስህን ዳታቤዝ ፎልደሮች ብቻ ወደ አዲሱ ገልብጥ። ማይኤስኪውኤል፣ ፐርፎርማንስ ስኪማ እና ፒኤችፒማይአድሚን የሚሉትን ተዋቸው። በመጨረሻ የቴብሎቹን መዝገብ የያዘውን አይቢዳታ1 የሚባለውን ፋይል ከአሮጌው አምጥተህ በአዲሱ ላይ ተካ። ስታርት በል።

አይቢዳታ1ን ያልገለበጠ ሰው ቴብሎቹን በስም ያያቸዋል፣ ሲከፍታቸው ግን ኤረር 1932 ይመጣበታል፤ ቴብሉ ኢንጂኑ ውስጥ የለም ማለት ነው። አንዳንዱ ቲዩቶሪያል ይህን ፋይል ሰርዝ ይላል። ሰርቨሩ ይነሳል፣ ዳታው ግን አብሮ ይቀበራል። ይህ የባክአፕ ፎልደር ዘዴ ራሱ ንጹሕ ጥገና አይደለም የሚሉ አሉ፣ ልክም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለሲኒየር ፕሮጀክት ግን ይበቃል። ከዚህ ሁሉ የሚያድነው ሥራ በተጨረሰ ቁጥር ከፒኤችፒማይአድሚን ኤክስፖርት ብሎ የኤስኪውኤል ፋይሉን ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ መወርወር ነው።

ፋይሉ ሲተልቅ ደግሞ ኢምፖርት ማድረጉ ችግር ይሆናል። ዛምፕ በቅርብ ቨርዥኖቹ የሚቀበለው እስከ 40 ሜጋባይት ነው። ፒኤችፒ ኮንፊግ ውስጥ የአፕሎድና የፖስት መጠኑን ሁለቱንም ማሳደግ ያስፈልጋል፣ ከዚያ አፓቼን ማቆምና ማስነሳት። ወይም ሼል የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ በትእዛዝ ማስገባት፣ ገደብም የለበትም።

አማርኛ ሲገባ

ሌላ ሀገር የተጻፈ መመሪያ የማያነሳው፣ እኛን ግን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ነው። የማይኤስኪውኤል የድሮ መነሻ ኮሌሽን (የፊደል አያያዝ ደንብ) ላቲን1 ስዊዲሽ ነበር፣ ሥራው ስዊድን ውስጥ ስለጀመረ። በዚህ ዓይነት ቴብል ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስታስገባ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ካየህ ፊደሉ ጠፍቷል፣ አይመለስም። ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደል ካየህ ግን ባይቶቹ አሉ፣ ማዳን ይቻላል። መከላከያው ዳታቤዙን ሲፈጥሩ ግዕዝንም የሚይዘውን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 መምረጥ፣ ኮዱ ውስጥም ኮኔክሽኑን በዚያው ማስተካከል ነው። ሁለተኛውን የሚረሳው ይበዛል።

የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የፒኤችፒ ተራው የርዝመት ፈንክሽን አዳማ የሚለውን ቃል 9 ነው ይልሃል። ፎርም ላይ ስም ቢያንስ 4 ፊደል ይሁን ብለህ ከሆነ የምትፈትሸው፣ ባይት ሳይሆን ፊደል የሚቆጥረውን የመልቲባይቱን ፈንክሽን ተጠቀም።

ፕሮጀክት በፍላሽ

አንድ ግሩፕ አራት አምስት ሰው ነው፣ ሥራው በየላፕቶፑ ይዞራል። የተለመደው አደጋ የድረ ገጽ ፋይሎች በሚቀመጡበት ኤችቲዶክስ ውስጥ ያለውን ፎልደር ብቻ ገልብጦ መምጣት ነው። ዳታቤዙ ኤችቲዶክስ ውስጥ አይደለም። ሌላው ከሲኒየሮች የተወረሰ ኮድ ነው። ኮዱ ማይኤስኪውኤል ኮኔክት የሚለውን የድሮ ፈንክሽን የሚጠራ ከሆነ አዲስ ዛምፕ ላይ አይሠራም፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የወጣው ፒኤችፒ 7 አስወግዶታል። አንዳንዱ አሮጌ ዛምፕ ፈልጎ ይጭናል። ይሠራል፣ ግን ኮዱን ወደ ምትኩ ማይኤስኪውኤልአይ መቀየር ብዙም የሚከብድ አይደለም።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ ሎካል ሰርቨር አልነካውም። የተነካው ገጽ ማሳመሪያውን ቡትስትራፕንና የጃቫስክሪፕት ላይብረሪውን ጄኳሪን በቀጥታ ከኢንተርኔት በሊንክ የሚጠሩ ፕሮጀክቶች ናቸው፤ ገጹ ይከፈታል፣ ዲዛይኑ ግን ተራቁቶ። ፋይሎቹን አውርዶ ፕሮጀክቱ ውስጥ ማስቀመጥ ዛሬም ይመከራል።

ሌሎቹ ፓነሎች

ዋምፕሰርቨር ፈረንሳዊ ነው፤ ሰዓቱ አጠገብ ያለች አይከን ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ብርቱካናማ ላይ ከቀረች አንዱ አልተነሳም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የቪዥዋል ሲ ላይብረሪ ሲጎድል ነው። ላራጎን ቬትናማዊው ሊዮ ኮዋ የሠራው ሲሆን ቀላልና ፈጣን ነው። ፎልደር ስትፈጥር ራሱ መጨረሻው ነጥብ ቴስት የሆነ አድራሻ ይሰጥሃል፣ የፒኤችፒ ቨርዥን መቀያየርም ይመቻል። ከዛምፕ ይሻላል የሚሉ በርካታ ናቸው፣ ላራቬል በሚባለው የፒኤችፒ ፍሬምወርክ ለሚሠራ ሰው እኔም እስማማለሁ። ማምፕ በዋናነት የማክ ነው፣ እዚያ በ8888 ፖርት ይነሳል።

ዛምፕ ራሱ ቀዝቅዟል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ከወጣው 8.2.12 በኋላ ረጅም ጊዜ ዝም ብሏል። ላራቬል የራሱን ሰርቨር 8000 ላይ ስለሚያስነሳ ብዙ ልጆች ፓነሉን የሚከፍቱት ለማይኤስኪውኤል ብቻ ነው። ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያሠራው ኖድ የሚሠሩት ጭራሽ አያስፈልጋቸውም።

ወደ እውነተኛ ሆስት ሲወጣ

ዛምፕ ለልምምድ የተሠራ ነው። ሩት የሚባለው ዋና ተጠቃሚ ፓስዎርድ የለውም። ክፍል ውስጥ በሆትስፖት ስልክና ላፕቶፕ አገናኝቶ፣ የላፕቶፑን አይፒ ስልኩ ላይ ጽፎ ዲሞ ማሳየት ያምራል፣ ፋየርዎሉ ከፈቀደ። በውስጥ ኔትወርክ ላይ ቋሚ ሲስተም በዛምፕ የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶችም አይጠፉም፤ ቢያንስ ፓስዎርድ ይስጡት።

ላፕቶፕ ላይ አንድም ችግር ያልነበረው ሳይት ሆስት ላይ ሲጫን ፎቶዎቹ የሚጠፉት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል አይለይም፣ የሆስቲንጉ ሊኑክስ ግን ይለያል። ሁለተኛው፣ ኮዱ ውስጥ ሎካልሆስት ተብሎ የተጻፈ ሊንክ አልተነሳም። ይህኛው ሠሪው ራሱ ሲያየው አይታወቅም፣ የሱ ላፕቶፕ ላይ ዛምፕ እስከተነሳ ድረስ ፎቶው ይመጣለታልና። ሌላ ሰው ስልክ ላይ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።