የሜካኒካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ኮርሶች አደላደል

የሜካኒካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ በብዙ አገሮች 4 ዓመት ወይም 8 ሴሚስተር ይፈጃል። በአውሮፓ በ3 ዓመት የሚጠናቀቅበትም አለ። ተማሪው እስኪመረቅ 40 ገደማ ኮርስ ይወስዳል፤ የምረቃውን ቀን የሚወስኑት ግን ጥቂቶቹ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው የማይጀመርባቸው ናቸው። የኮርስ ዕቅድ ሥራም በዋናነት እነዚህን ለይቶ ቦታ ቦታቸውን ማስያዝ ነው። የቀረው እንደ ዱቄት ነው፣ ባገኘው ክፍተት ይገባል።

ረጅሙ ሰንሰለት የሚጀምረው ከካልኩለስ 1 ነው። በ2ኛው ሴሚስተር የሜካኒክስ ፊዚክስና ካልኩለስ 2፣ በ3ኛው ስታቲክስ (በማይንቀሳቀስ አካል ላይ የሚያርፉ ኃይሎች ትምህርት)፣ በ4ኛው ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ (የቁሳቁስ ጥንካሬ፣ ባጭሩ ስትሬንግዝ)፣ በ5ኛውና በ6ኛው ማሽን ዲዛይን 1 እና 2፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደግሞ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይከተላሉ። 8 ሴሚስተር፣ 8 ቀለበት፤ ትርፍ ቦታ የለም። ከጎኑ ዳይናሚክስ (የእንቅስቃሴ ትምህርት) ከስታቲክስ ተነስቶ ወደ ቫይብሬሽን (ንዝረት) እና ወደ ኮንትሮል (የማሽን ቁጥጥር) ይሄዳል። የሙቀቱ ወገን፣ ማለትም ቴርሞዳይናሚክስ፣ ፍሉድ ሜካኒክስ (የፈሳሽና የጋዝ ፍሰት) እና ሂት ትራንስፈር (የሙቀት መተላለፍ)፣ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሴሚስተር ያህል መተንፈሻ አለው። የምህንድስና ስዕል፣ የቁሳቁስ ሳይንስና የማምረቻ ዘዴዎች ኮርሶች ከማሽን ዲዛይን በፊት እስካለቁ ድረስ ወዲያና ወዲህ ቢሉ ችግር የለባቸውም።

የሰንሰለቱ ክብደት በደንብ የሚታየው አንድ ቀለበት ሲበጠስ ነው። ተማሪው በ4ኛው ሴሚስተር ስትሬንግዝ ወደቀ እንበል። ትምህርት ክፍሉ ኮርሱን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ የሚደግመው በ6ኛው ነው። ማሽን ዲዛይን 1 ወደ 7ኛው፣ ማሽን ዲዛይን 2 ወደ 8ኛው ይሸሻሉ፤ ፕሮጀክቱ 9ኛውንና 10ኛውን ይይዛል። በአንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ አንድ ሙሉ ዓመት ሄደ ማለት ነው። ያው ኮርስ በክረምት ከተሰጠ ግን ምንም አይዘገይም። ስለዚህ በዕቅዱ ወረቀት ላይ ከእያንዳንዱ ኮርስ ስም አጠገብ ቅድመ ሁኔታውን (ቀድሞ ማለቅ ያለበትን ኮርስ) ብቻ ሳይሆን በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥም መጻፍ ያስፈልጋል። ካታሎጉ ይህን ሁልጊዜ አይናገርም፤ ያለፉት ሁለት ዓመታት የክፍል ፕሮግራሞች የተሻለ ይናገራሉ።

ስታቲክስን በስስ ውጤት ማለፍም የራሱ ዕዳ አለው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው፣ አንዱ ጫፉ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረና በነፃው ጫፉ ላይ 500 ኒውተን ወደ ታች የሚጫነው አግድም ምሰሶ እንውሰድ። ግድግዳው 500 ኒውተን ወደ ላይ ይመልሳል፤ በተጨማሪም 1000 ኒውተን ሜትር ሞመንት (ኃይል በርቀት ተባዝቶ የሚሰጠው የማዞር ጫና) ይይዛል። ብዙ ተማሪ ሁለተኛውን ይረሳዋል። ኃይሎቹ ስለሚጣጣሙ ስዕሉ ትክክል ይመስላል። ስትሬንግዝ ላይ ከግድግዳው ተነስቶ የሞመንት ዲያግራም ሲስል ግን ግድግዳው ጋ ዜሮ፣ ምንም በሌለበት ነፃ ጫፍ ላይ 1000 ያወጣል። ምሰሶው የሚሰበርበት ቦታ ምንም ጫና የሌለበት ሆኖ ቁጭ ይላል። ስህተቱ የስታቲክስ ነው፣ ውጤቱን የሚያበላሸው ግን በሚቀጥለው ኮርስ ነው። ስታቲክስ ሲወሰድ ሌላው ጭነት መቅለል ያለበትም ለዚሁ ነው።

ጭነት የሚለካው በክሬዲት ነው፤ ክሬዲት ግን አንዳንዴ ያታልላል። በአሜሪካው ልማድ 1 ክሬዲት በሳምንት 1 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰዓት ከክፍል ውጭ ተብሎ ይታሰባል፤ 16 ክሬዲት የያዘ ተማሪ በሳምንት 48 ሰዓት ሥራ አለበት ማለት ነው። ኢሲቲኤስ በተባለው የአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት ዓመቱ 60 ክሬዲት ሲሆን እያንዳንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይቆጠርለታል። ላብራቶሪ ሲገባበት ሒሳቡ ይፋለሳል፦ በወረቀት 1 ክሬዲት ይባልና 3 ሰዓት ሙከራ፣ ከዚያ ዳታ ማስላትና ሪፖርት መጻፍ ይከተላል። ሁለት ላብራቶሪ በአንድ ሴሚስተር መያዝ ከሚመስለው በላይ ይከብዳል።

4ኛው ሴሚስተር በተለይ ይጨናነቃል። ዳይናሚክስ፣ ስትሬንግዝ፣ ቴርሞዳይናሚክስና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን እዚያው ይገናኛሉ። ከአራቱ ሊንቀሳቀስ የሚችለው ብዙ ጊዜ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ነው፤ ቅድመ ሁኔታው ካልኩለስ 2 ብቻ በሆነበት ቦታ ወደ 3ኛው ሴሚስተር ማውጣት ይቻላል። ሌላው የተለመደ ስህተት ቀላል የሚባሉትን የማኅበራዊ ሳይንስና የቋንቋ ኮርሶች በመጀመሪያው ዓመት ጠራርጎ መጨረስ ነው። ሲጨርሱት ደስ ይላል፤ 3ኛው ዓመት ላይ ግን ከባዱን የሚያቀልል አንድም ኮርስ ሳይቀር የምህንድስና ኮርሶች ብቻቸውን ይደረደራሉ። በየሴሚስተሩ አንድ አንድ ማስቀመጥ ይሻላል።

የምርጫ ኮርሶች ውሳኔ እስከ 5ኛው ሴሚስተር ቢቆይ አይጎዳም። ቅድመ ሁኔታቸውን ግን ቀድሞ ማየት ያሻል፤ ፋይናይት ኤለመንት (አካልን በትንንሽ ክፍል ከፋፍሎ በኮምፒዩተር ማስላት) ስትሬንግዝን፣ የአየር ማቀዝቀዣ ሥርዓት ዲዛይን ሂት ትራንስፈርን፣ ሮቦቲክስ ዳይናሚክስን ይጠይቃሉ። በምርጫ ስም ከአንዱ ወገን ጨርሶ መሸሽ አይቻልም። በአሜሪካ የምህንድስና ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ኤቤት የተባለው ድርጅት ሜካኒካል ፕሮግራም የሙቀት ሥርዓት ኮርሶችንም የሜካኒካል ሥርዓት ኮርሶችንም እንዲያካትት፣ ቢያንስ 30 የሴሚስተር ክሬዲት ሒሳብና መሠረታዊ ሳይንስ፣ ቢያንስ 45 ደግሞ የምህንድስና ይዘት እንዲኖረው ይጠይቃል።

ከሌላ ተቋም የሚዛወር ተማሪ ስም አይቶ መታለል የለበትም። በአልጀብራ የተሰጠ ፊዚክስ በካልኩለስ ለሚሰጠው ምትክ ሆኖ ተቀባይነት የሚያገኘው እምብዛም ነው፤ ስታቲክስና ዳይናሚክስ በአንድ ተጠቃልለው የተሰጡበት ኮርስም ለሁለቱም ላይቆጠር ይችላል። ሴሚስተር አቋርጦ ወደ ፋብሪካ ልምምድ የሚወጣም ሰው በዓመት አንዴ የሚሰጡት ኮርሶች በማይሰጡበት ሴሚስተር መውጣት አለበት።

ዕቅዱ የሚሠራው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ወረቀት ላይ 8 ዓምድ ይሰመራል፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ፕሮጀክቱ ይጻፋል፤ ፕሮጀክቱ የሚጠይቀው ከእሱ በፊት፣ ያኛው የሚጠይቀው ደግሞ ከዚያ በፊት እየተባለ እስከ ካልኩለስ 1 ይወረዳል። አብሮ መወሰድ የሚችል ኮርስና ቀድሞ ማለቅ ያለበት ኮርስ ለየብቻ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ይህን ማደባለቅ የምዝገባ ቀን ጣጣ ያመጣል። ከ7ኛው ሴሚስተር ምዝገባ በፊት ወረቀቱ ከሬጅስትራር የውጤት መዝገብ ጋር መስመር በመስመር ይመሳከራል። የጎደለ ባለ 1 ክሬዲት ላብራቶሪ ያኔ ከተገኘ ሁለት ሴሚስተር ቀርቷል፤ በ8ኛው ከተገኘ ግን የተማሪው ስም ከምሩቃን ዝርዝር ይወጣል።