ጨዋችሁን ለወጥ አቆዩት

የጓሮ ቡና ያለው የሐዋሳ ሰው አንድ ቀን መደወሉ አይቀርም። «ቅጠሌ ላይ እሾሃም ቀንድ አውጣ ወጣብኝ፤ ጨው ብነሰንስበትም አልሞት አለ!» አይሞትማ። ቀንድ አውጣ አይደለማ!

ያቺ ወፈር ብላ እግር የሌላት መስላ የምትንሸራተተው አባ ጨጓሬ ናት። ስታድግ የእሳት እራት ትሆናለች። ቤተሰቧ ሊማኮዲዴ ይባላል፤ ከ1,500 በላይ ዝርያዎች አሉት። ዘመዶቿ እነ ቢራቢሮ ናቸው። ቀንድ አውጣ የሚመደበው ከነኦክቶፐስ ጋር ነው፤ በምንም አይገናኙም።

«ታዲያ እግሯ የታለ?» በእጅ ሳይሆን በእንጨት ገልብጧት። ከፊት በኩል ስድስት ደቃቃ እግሮች ታያላችሁ። ሌሎች አባ ጨጓሬዎች ሆዳቸው ሥር ወፋፍራም እግር አላቸው፤ እሷ በቦታው መምጠጫ ነው ያላት። ቅጠሉን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ፣ መንገዷን በፈሳሽ ሐር እያራሰች ትሄዳለች።

ጨው ቀንድ አውጣን የሚገድለው እርጥብ ገላውን አድርቆ ነው። የእሷ ቆዳ ሰም ለበስ ስለሆነ ውሃ በቀላሉ አያስወጣም። አንዲት ጎረቤቴ ችግኟ ላይ በእፍኝ በተነችበት። የቅጠሉ ጫፍ አርሮ ቀረ፤ አባ ጨጓሬዋ በማግስቱ ላይኛው ቅጠል ላይ ቁርጥም ቁርጥም ትላለች። መሬት ላይ የሚበተነው የቀንድ አውጣ መርዝም ያው ነው፤ እሷ ምን ልትሠራ ትወርዳለች? ቅጠሉን ከነእሷ በመቀስ ቆርጣችሁ የሳሙና ውሃ ውስጥ ጣሉ። ቅርንጫፍ ላይ የተጣበቀ ጠንካራ ድብልብል ነገር ካያችሁ ልትለወጥ የገባችበት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ጓንት አድርጋችሁ አንሱት።

«የእሳት እራቷም ታቃጥላለች» የሚሉ አሉ። አታቃጥልም፤ የብዙዎቹ አፍ ለመብላት እንኳ አይሆንም።

«ሌላ ስም ካላት ሌላ ዝርያ ናት» ይሉኛል ደግሞ፣ ስልካቸው ላይ ያነበቡ ወጣቶች። በአፍሪካ ቡና ላይ የምትታወቀው ፓራሳ ቪቪዳ በአንዳንድ መዝገብ ላቶያ ቪቪዳ ተብላለች። ያችው ናት፣ እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ዎከር በ1865 የመዘገባት። ሊቃውንቱ የተከራከሩት በየትኛው ወገን ትግባ ብለው ነው።

«ስትነካህ እሸው» የሚለው ግን ያናድደኛል። እሾሁ ውስጡ ክፍት ነው፤ መርዝ ይዞ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ስታሹት ይብስ ይገባል። ፕላስተር ለጥፋችሁ ላጥ አድርጉት፣ በሳሙና ታጠቡ፣ ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።