የተረሳው ካውቦይ ባላድ ምንድን ነው?

ባላድ የሚለው ቃል ዛሬ በየሬዲዮው ዝግ ላለ የፍቅር ዘፈን ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ጥንታዊ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው፤ ባላድ ታሪክ የሚነግር የሕዝብ ዘፈን ነው። ሰው አለው፣ ቦታ አለው፣ በሰውየው ላይ የሚደርስ ነገርም አለ። ከስኮትላንድ፣ ከእንግሊዝና ከአየርላንድ በስደተኞች አፍ አሜሪካ ገባ፤ እዚያም የባቡር አደጋውን፣ ሽፍታውንና ከብት ነጂውን ሲተርክ ኖረ። እዚህ የምናየው ከዚሁ ግንድ የወጣ አንድ ዘለላ ነው፦ በወጣትነቱ በሲኒማ ፈረስ የጋለበ፣ ካረጀ በኋላ ግን በመንገድ ቢያልፍ ዞር ብሎ የሚያየው የሌለ የካውቦይ ተዋናይ የሚነሣበት ባላድ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስሜቱ ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ትዝታ አለን፣ እንጉርጉሮም አለን። ልዩነቱ ትዝታ ናፍቆቱን በስሙ ጠርቶ ማውጣቱ ነው። ባላድ ግን ዕቃ ያሳይና ዝም ይላል። ዘፋኙ «ከፋው» አይልም፤ የሽማግሌው ባርኔጣ የት እንደተሰቀለ ብቻ ይናገራል። ለምሳሌ እንዲሆን እዚሁ የተገጠመ አንድ አንጓ እነሆ፦

ባርኔጣው ከበሩ ኋላ፣
ኮርቻው ከጣራ ሥር፤
ማታ ቴሌቪዥን ሲከፍት፣
ራሱን ያያል ሲበር።

ልኩ የተለመደው የባላድ ልክ ነው። አንደኛውና ሦስተኛው መስመር ስምንት ስምንት ቀለም፣ ሁለተኛውና አራተኛው ስድስት ስድስት ቀለም አላቸው። ቤት የሚመታው ሁለተኛው ከአራተኛው ጋር ብቻ ነው። የወል ቤትን የለመደ ሰው አንደኛውና ሦስተኛው ቤት ሳይመቱ ሲያልፉ ገጣሚው የሰነፈ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ሆን ተብሎ የተተወ ክፍት ቦታ ነው። ተራኪው የአገር ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ የፈረስ ስም የሚያስገባው በነዚያ መስመሮች ነው፤ ሁሉም መስመር ቤት ይምታ ቢባል ታሪኩ በቃላት ፍለጋ ይሰናከላል።

የዚህ ዘፈን እናት «የካውቦይ ለቅሶ» የሚባለው የሕዝብ ዘፈን ነው፤ «የላሬዶ ጎዳናዎች» በሚል ስምም ይታወቃል። የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው ጆን ሎማክስ በ1910 ባሳተመው የካውቦይ ዘፈኖች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ሥሩ ደግሞ ከባሕር ማዶ ነው፤ በብሪታንያና በአየርላንድ ይዘፈን የነበረው የአንድ ወጣት የሞት ኑዛዜ ሲሆን፣ በአሜሪካ ወጣቱ ካውቦይ ሆነ፣ ገዳዩም ጥይት ሆነ። አጥንቱ ቀላል ነው። መንገደኛ ተራኪ አንድ ቀን ሲያልፍ በነጭ በፍታ የተጠቀለለ ወጣት ያገኛል፤ ወጣቱም ስለ ራሱ ይነግረዋል፤ በመጨረሻም ቀብሩ እንዴት ይሁን ብሎ ያዛል፣ ማን ይሸከመው፣ ከበሮው እንዴት ይመታ።

የተረሳው ተዋናይ ባላድ ይህን አጥንት እንዳለ መውሰድ ይችላል። መንገደኛው ይቀራል። ወጣቱ ሽማግሌ ይሆናል፣ ነጩ በፍታ የመጦሪያ ቤት አንሶላ ይሆናል፣ የቀብሩ ትእዛዝ ደግሞ ስለ ኮርቻና ስለ ባርኔጣ ኑዛዜ ይሆናል። ጥይት ግን የለም። ከባዱም ይኸው ነው፤ ሰውየውን የገደለው ምን እንደሆነ ገጣሚው ማወቅ አለበት። «ጊዜ ጣለው» ማለት ዘፈኑን ባዶ ያደርገዋል። እነዚህን ሰዎች የጣለው ጊዜ ሳይሆን ውልና የሥራ አሠራር ነው።

በ1930ዎቹ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ያሳዩ ነበር። ዋናው ፊልም በትልቅ ወጪ ይሠራል። ከሥሩ የሚገባው ርካሹ ካውቦይ ፊልም ግን አንድ ሰዓት ቢሞላ ነው፤ ቀረጻውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳምንት ብዙም አያልፍም። ፊልሞቹ በነጠላ አይሸጡም፤ በዓመት ስድስት ወይም ስምንት ሆነው፣ በአንድ ተዋናይ ስም ታስረው ነው የሚሸጡት። ስለዚህ ተዋናዩ የሚቀጠረው ለአንድ ጥቅል ነው። ጥቅሉ ካለቀና ስቱዲዮው ርካሽ ፊት ካገኘ ውሉ አይታደስም። ቋጥኙ ያው፣ ጥርጊያው ያው፣ ሽፍታውም ያው ነው፤ የሚለወጠው ኮርቻው ላይ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

ለዚህ ከኬን ሜይናርድ የተሻለ ምሳሌ የለም። በ1895 በኢንዲያና ግዛት ቬቪ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ እሱ ግን የቴክሳስ ልጅ ነኝ ይል ነበር። ከብት ነጂ አልነበረም፤ በሰርከስ ፈረስ ላይ ትርኢት የሚያሳይ ድንቅ ጋላቢ ነበር። ታርዛን የሚባለው ፈረሱም እንደሱው ስመ ጥር ሆነ። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ በካውቦይ ፊልም ውስጥ ከዘፈኑት የመጀመሪያዎቹ ተዋናዮች አንዱ እሱ ነው። በ1934 «ኢን ኦልድ ሳንታ ፌ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ አንድ የሬዲዮ ዘፋኝ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ብሎ እንዲዘፍን ተደረገ። ያ ዘፋኝ ጂን ኦትሪ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ለሜይናርድ ታስቦ የነበረ የአንድ ተከታታይ ፊልም መሪነት ለኦትሪ ተሰጠ፤ ኦትሪ ከዚያ በኋላ የቤዝቦል ቡድን እስከመግዛት በለጸገ። ሜይናርድ ከ1940ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመሪነት ሚና አላገኘም። መጠጥ በርትቶበት፣ በተጎታች ቤት ሲኖር ቆይቶ፣ በ1973 በካሊፎርኒያ ዉድላንድ ሂልስ ባለው የሲኒማ ሠራተኞች መጦሪያ አረፈ።

ተተኪውን በገዛ ፊልሙ ያስተዋወቀ ሰው! ይህን ለመሰለ ታሪክ ገጣሚ ምንም መጨመር አያስፈልገውም፤ በሁለት አንጓ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ከውሉ ቀጥሎ ቴሌቪዥን አለ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ጣቢያዎቹ የሚያሳዩት ነገር ስላልነበራቸው እነዚያን የአንድ ሰዓት ፊልሞች በብዛት ገዙ። ሽማግሌው እንግዲህ በየሳሎኑ እንደገና ወጣት ሆኖ ጋለበ፤ ገንዘቡ ግን ለፊልሙ ባለቤት ነው። በ1960 የተዋናዮች ማኅበር ሥራ አቁሞ ባደረገው ድርድር ለድጋሚ ስርጭት የሚከፈል ክፍያ የተፈቀደው ከዚያ ዓመት ወዲህ ለተሠሩ ፊልሞች ነው። ላለፉት ድርሻ ቀርቶ ለጡረታና ለሕክምና መቋቋሚያ 2.25 ሚሊዮን ዶላር በጅምላ ተሰጠ። ማኅበሩን ያኔ ይመራ የነበረው ሮናልድ ሬገን ነው። ከላይ ባለው አንጓ «ራሱን ያያል ሲበር» የሚለው መስመር ክብደቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ ሰውየው የሚያየው ትዝታውን ብቻ ሳይሆን ያልተከፈለውን ሥራም ነው። በተቃራኒው ሆፓሎንግ ካሲዲ የሚባለውን የፊልም ካውቦይ ሆኖ የተጫወተው ዊልያም ቦይድ የፊልሞቹን መብት ቀድሞ ገዝቶ ስለነበር፣ በ1949 ቴሌቪዥን ላይ ሲወጡ ሀብታም ሆነ። ስለ ቦይድ ሐዘን ያዘለ ባላድ መግጠም ያስቸግራል።

ድምፅ የሌለው ዘመን ተዋናዮች ደግሞ ሌላ ዕጣ ነበራቸው፤ ፊልሙ ራሱ ጠፋባቸው። የዚያ ዘመን ፊልም የሚታተምበት ናይትሬት የሚባለው ቁስ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። በሐምሌ 1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ የፎክስ ኩባንያ መጋዘን ሲቃጠል፣ የዘመኑ ስመ ጥር ካውቦይ ተዋናይ የቶም ሚክስ ፊልሞች አብዛኞቹ አብረው ነደዱ። ከአሜሪካ ድምፅ አልባ ረጅም ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ ዛሬ የሉም። ሌላው የዚያ ዘመን ካውቦይ ተዋናይ ዊልያም ሃርት ዕድለኛ ነበር ማለት ይቻላል። የ1925 የመጨረሻ ፊልሙ በ1939 እንደገና ሲታይ፣ በመግቢያው ቆሞ ስምንት ደቂቃ ያህል ተመልካቹን በገዛ ድምፁ ተሰናብቷል።

ከሁሉም በላይ የተረሳው ግን ስሙ በዚህ ዓይነት ዘፈን ብዙም የማይነሣ ሰው ነው። ቢል ፒኬት ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፣ ደግሞም እውነተኛ ከብት ነጂ። ከሚጋልብ ፈረስ ላይ ዘሎ ወይፈንን በቀንዱ ይዞ የመጣል ውድድርን ያስጀመረው እሱ ነው። ቶም ሚክስ በሠራበት በዚያው 101 ራንች በተባለው የኦክላሆማ የከብት እርባታ ትርኢት አሳይቷል። በ1921 በፍሎሪዳ የሚገኝ ኩባንያ መሪ ተዋናይ አድርጎ ቀረጸው፤ ከፊልሙ የተረፈው ቁርጥራጭ ብቻ ነው። በ1932 ፈረስ ረግጦት ሞተ። አዲስ ባላድ ለመግጠም ርእስ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም።

ወደ ዜማው እንምጣ። ለዚህ ዘፈን የሚስማማው ሦስት ምት ያለው የዋልዝ አካሄድ ነው፤ የእናቲቱ ዘፈንም እንዲሁ ነው። ጊታር አንድ ይበቃል። በአውራ ጣት አንድ ወፍራም ክር፣ ከዚያ ወደ ታች ሁለት ቀላል ምት። ሦስት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ያስፈልጋል፣ ጂ፣ ሲ እና ዲ። የመጀመሪያው መስመር ከጂ ወደ ዲ፣ ሁለተኛውም እንዲሁ፣ ሦስተኛው ከጂ ወደ ሲ ይወጣል፣ አራተኛው በዲ በኩል ወደ ጂ ይመለሳል። ኢ ማይነርን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሽማግሌው ራሱ መናገር ሲጀምር ማስገባት ይቻላል፤ በየአንጓው ከገባ ግን ዘፈኑ ከወዲሁ ማልቀስ ይጀምራል። ድምፁ ለዘፋኙ ዝቅ ካለ ካፖ የሚባለው የክር መቆንጠጫ በጊታሩ አንገት ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ፍሬት (ክፍል) ላይ ይታሰር። ሃርሞኒካ የሚነፋ ካለ ለጂ ዘፈን የጂ ሃርሞኒካ ዜማውን በቀጥታ ይሰጠዋል፤ የሚያንጎራጉር ድምፅ ከፈለገ የሲውን ያንሣ።

ፍጥነቱ በደቂቃ 96 ምት አካባቢ ይሁን። አንድ አንጓ ሦስት ሦስት ምት ያላቸው 16 ክፍሎች፣ ማለትም 48 ምት ስለሆነ፣ 30 ሰከንድ ይወስዳል። ስድስት አንጓ ሦስት ደቂቃ ነው። ይህ ልክ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ የድሮው ባለ አሥር ኢንች ሸክላ በአንድ ጎኑ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ስለነበር፣ አሥርና አሥራ አምስት አንጓ የነበራቸው ባላዶች ሲቀረጹ ተቆርጠዋል። ከ80 በታች ከወረደ እስትንፋስ መስመሩ መካከል ያልቅና ዘፋኙ ቃል ይቆርጣል፤ ሐዘን የጨመረ ይመስለዋል እንጂ አድማጩ ታሪኩን ይስታል። አዝማችም ባይኖር ይሻላል። ካስፈለገ ከሦስተኛውና ከመጨረሻው አንጓ በኋላ ብቻ ይግባ፤ በየአንጓው መመለስ ትረካውን ያቆመዋል።

ግጥሙ ላይ በብዛት የሚበላሸው ስሌት ነው። ፈረስ በደኅና አያያዝ ከ25 እስከ 30 ዓመት ይኖራል። በ1930 የጋለበ ሰው በ1965 ያንኑ ፈረስ ሲያበላ ከተዘፈነ፣ ገበሬ የሆነ አድማጭ እዚያው ይስቃል። ድምፅ አልባውን ተዋናይ በፊልሙ ማዘፈንም ያው ነው። አሥር ጋሎን የሚባለው ባርኔጣ ሦስት ሊትር እንኳ አይሞላም፤ ፈረሱ ከባርኔጣው ጠጣ ከተባለ ጥሙ አይቆረጥም።

ሌላው ስሕተት ሰውየውን እውነተኛ ካውቦይ ማድረግ ነው። የዘፈኑ ሰም ካውቦይ ነው፣ ወርቁ ተዋናይ ነው። ሁለቱን ካቀለጡት የሚቀረው ሌላ የከብት ነጂ ዘፈን ነው። ሽማግሌው የሚናፍቀው በረሃውን ሳይሆን በረሃውን የመሰለውን የስቱዲዮ ግቢ መሆኑ በአንድ መስመር፣ በጨረፍታ መግባት አለበት። ለምሳሌ እርካቡ እውነተኛ፣ ሽጉጡ የባሩድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ቢሆን በቂ ነው። የድሮ ከዋክብትን ስም መደርደርም አይጠቅምም፤ አምስት ስም የጠራ ግጥም አንድም ሰው አላሳየም። የአንድ ፈረስ ስም ከአምስት ተዋናይ ስም ይበልጣል።

የመጨረሻው አንጓ ሁለት መንገድ አለው። ወይ የመጀመሪያው አንጓ አንድ ቃል ብቻ ተለውጦ ይመለሳል፣ ከበሩ ኋላ የነበረው ባርኔጣ በሌላ ሰው በር ኋላ ይሆናል፤ ወይ ደግሞ መንገደኛው ጉዞውን ይቀጥላል፣ ስለ ሽማግሌው ምንም አይልም። ሁለተኛው ከባድ ነው፣ በደንብ ከተዘፈነ ግን ይበልጣል።

ይህን ዘፈን መማር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የኬን ሜይናርድን ሸክላ ይስማ። በ1930 ለኮሎምቢያ ኩባንያ ከቀረጻቸው አንዱ «ዘ ሎን ስታር ትሬይል»፣ ሃሪ ስሚዝ በ1952 ባወጣው የ84 የአሜሪካ ሕዝብ ዘፈኖች ስብስብ ውስጥ ስላለ ማግኘቱ አያስቸግርም። ድምፁ ቀጭን ነው፣ በአፍንጫው ይወጣል፣ ለማሳዘን አይሞክርም። በዚያው ሸክላ ሌላኛው ጎን የዘፈነው «የካውቦይ ለቅሶ»ን ነው፤ ያኔ ዕድሜው በሠላሳዎቹ አጋማሽ ነበር።