ከመቃኞዋ ደጅ፦ ወጣኒ፣ ማዕከላዊ፣ ፍጹም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አጥቢያችን ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ገና መቃኞ ነች፤ ዋናው ሕንፃ እስኪያልቅ የምናገለግልባት ጊዜያዊ ቤት። ግድግዳዋ ቆርቆሮ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ዝናብ ሲወርድ የካህኑ ድምፅ አይሰማም። ከጎኗ የዋናው ሕንፃ ዓምዶች ቆመዋል፤ ፌሮው ከላይ ተንጨፍሮ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅበታል። ገንዘብ ሲገኝ ይሠራል፣ ሲጠፋ ይቆማል።

አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ «ጋሼ፣ እዚህ የሚቀደሰው ቅዳሴ ልክ እንደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅሁ። ልጅ ነዋ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ታቦቱ እኮ አስቀድሞ የገባው መቃኞዋ ውስጥ ነው። ሥጋውና ደሙ በቆርቆሮ ሥር ስለተፈተተ አይቀንስም። ትልቁን ሕንፃ የጀመርነውም እርሱ ከመጣ በኋላ ነው።

ስለ መንፈሳዊ ዕድገት ስናወራ ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ደረጃ ሲባል ፎቅ እንቆጥራለን። እግዚአብሔር ከላይኛው ፎቅ ተቀምጦ የሚጠብቀን ይመስለናል (ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለምንኖር ይሆናል)። እስቲ ክርስትና ሲነሣ የሚሆነውን እዩ። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። በዚያው ዕለት ሜሮን ይቀባሉ፤ በዚያው ዕለት ይቆርባሉ። አንገቱን በቅጡ ያላጸና ሕፃን! ስጦታውን ሙሉውን ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ ወደ ተቀበለው ነገር ያድጋል።

አባቶቻችን ለዚህ ዕድገት ሦስት ስም አላቸው፦ ወጣኒ (ጀማሪ)፣ ማዕከላዊ (መካከለኛ)፣ ፍጹም። የዘሪውን ምሳሌ ሲተረጉሙም (ማቴ. 13፥8) ሠላሳ ያፈራውን ለወጣኒ፣ ስድሳ ያፈራውን ለማዕከላዊ፣ መቶ ያፈራውን ለፍጹም ይሰጡታል። ልብ በሉ፤ ሠላሳውም የበቀለው በመልካም መሬት ነው። እሾህ ውስጥ የወደቀው ዘር ሌላ ነው። ጠለቅ ብሎ መማር ለሚፈልግ ደግሞ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና የሚባለው አለ፤ በሦስቱ ውስጥ አሥር መዓርጋት ይቆጠራሉ። ስለ ላይኞቹ ለመጻፍ አፍ የለኝም። የመጀመሪያው ግን ጽማዌ ነው፤ ዝምታ። ከታክሲ ሰልፍ እስከ ቤታችን ደጃፍ ዝም ማለት ያቃተን ሰዎች ስለ አሥረኛው መዓርግ ፌስቡክ ላይ ስንከራከር ሳይ ይገርመኛል።

ቅዱስ ዮሐንስም በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ሦስት ዓይነት ሰዎችን ይጠራል (1ዮሐ. 2፥12-14)። ልጆች፣ ጐበዞች፣ አባቶች። ይህችን መልእክት የንባብ ቤት ተማሪ ያውቃታል። ከአቡጊዳ በኋላ የሚነበበው «ፊደለ ሐዋርያ» እርሷ ነች። ሕፃኑ የኔታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ መጀመሪያ በቁጥር ንባብ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ ይላታል። ይደጋግማታል፣ ይሰለቻታል፣ በአለንጋም ቢሆን ይመለስባታል። በመጨረሻ በቁም ንባብ ያንበለብላታል። ገጿ ያችው ናት። የተለወጠው ልጁ ነው።

ለልጆች ዮሐንስ የሚላቸው «ኃጢአታችሁ ስለ ስሙ ተሰርዮላችኋል» ነው። ሌላ ምንም አይጠይቃቸውም። ወጣኒነት ማለት ይሄ ነው። ወተት ነው ምግቡ። ቅዱስ ጳውሎስ «ወተት የሚጋት ሁሉ ሕፃን ነው» ሲል (ዕብ. 5፥13) አንዳንዶቻችን ወተት ነውር ይመስለናል። ቅዱስ ጴጥሮስ ግን እንደ ተወለዱ ሕፃናት ወተቱን ተመኙ ይላል (1ጴጥ. 2፥2)። ጳውሎስ የገሠጻቸው በዕድሜያቸው አስተማሪ መሆን ሲገባቸው ከጡት አልላቀቅ ያሉትን ነው።

ወጣኒ ሲጀምር ይጣፍጠዋል። መዝሙሩ ያስለቅሰዋል። የሁዳዴ 55 ቀን አጠረው ይላል። ንስሐ አባቱ «ለጊዜው ይህን ያህል ስግደት ይበቃሃል» ሲሉት ያኮርፋል። ከዚያ አንድ ቀን ጣዕሙ ጥፍት ይላል። ይጸልያል፣ ምንም የለም። ውዳሴ ማርያም ከአፉ እንጂ ከልቡ አይወጣም። «እግዚአብሔር ተወኝ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ» ይላል። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

እናቶቻችን ጡት ሲያስጥሉ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ። እሬት ይቀባሉ። ሕፃኑ እንደለመደው ይመጣል፣ ይቀምሳል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ከዚያ ሰፈሩን በለቅሶ ያናውጠዋል። በእርሱ ቤት እናቱ ጠልታዋለች። እርሷ ግን ጓዳ ገብታ ፍትፍት ታዘጋጅለታለች። በኦሪት ዘፍጥረት አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ይስሐቅ ጡት በጣለበት ቀን አብርሃም ትልቅ ግብዣ አደረገ ይላል (21፥8)። ያን ቀን ይስሐቅ እያለቀሰ ሳይሆን አይቀርም። አባቱ ግን ደግሷል።

እና ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ጸሎትህ እሬት እሬት ሲልህ፣ ጸሎትሽ ሲከብድሽ፣ ቶሎ ብላችሁ ሌላ ጣፋጭ ፍለጋ አትሩጡ። ዛሬ እዚህ መንፈሳዊ ጉዞ፣ ነገ እዚያ ጉባኤ፣ ከነገ ወዲያ አዲስ ሰባኪ። ያችኑ የጸሎት መጽሐፍ ያዙ። ጠንካራው ምግብ «በሥራቸው የለመደ ልቡና ላላቸው» ነው ይላል ሐዋርያው (ዕብ. 5፥14)። መልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

ማዕከላዊው ደግሞ ጐበዝ ነው። ዮሐንስ «ክፉውን አሸንፋችኋል» ይለዋል፤ ምስጋና ነው። ይሠራል፣ ይታገላል፣ ያገለግላል። አደጋው ግን ጉብዝናው ውስጥ አለ። ይህን የምለው ከራሴ ነው። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ውስጥ ገብቼ ነበር። ደረሰኝ፣ ስብሰባ፣ ቅስቀሳ። ቅዳሴ ሲቀደስ እኔ ከመቃኞዋ ጀርባ ሳንቲም እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ንስሐ አባቴ ጠሩኝና «ልጄ፣ ከቆረብክ ስንት ጊዜህ ነው?» አሉኝ። ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደገባ በቃሌ አውቃለሁ። ይህን ግን መቁጠር አቃተኝ።

የጠፋውን ልጅ ታሪክ ስናነብ ዓይናችን ከታናሹ ላይ አይነሣም። ታላቁ ልጅ ግን ከቤት ወጥቶ አያውቅም። እርሻ ላይ ውሎ ነው የመጣው። «ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ» አለ (ሉቃ. 15፥29)። ዓመቱን ቆጥሮታል። የማዕከላዊው በሽታ መቁጠር ነው። እኔ ስንት ዓመት አገለገልኩ፣ እገሌ ትናንት መጥቶ ማይክ ያዘ። ደግነቱ አባትየው ለእርሱም ወጥቶ ለመነው። ለታናሹ ሮጠ፤ ለታላቁ ደጅ ወጣ።

ስለ አባቶች ስጽፍ ያጥርብኛል። ዮሐንስም አሳጥሮታል። ለልጆችና ለጐበዞች ሁለተኛ ሲጽፍ ሌላ ቃል ይጨምራል፤ ለአባቶች ግን ሁለት ጊዜም ያንኑ ነው የሚለው፦ «ከመጀመሪያ የነበረውን አውቃችኋል»። ጳውሎስ እንኳ «አሁን ፍጹም እንደ ሆንሁ አይደለም» ካለ (ፊልጵ. 3፥12) እኔ ምን እላለሁ? ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

በሐምሌ አንድ እሑድ ነው። መቃኞዋ ጢም ብላለች። እኔ አስተናባሪ ነኝ፤ ባጄን አንጠልጥያለሁ። አንዲት እናት ደጃፉ ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። «እማማ፣ መንገድ ዘግተዋል፤ ይነሡልኝ!» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «እሺ ልጄ» አሉና ማዳበሪያቸውን ጠቅልለው ወደ ውጭ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮው ሲንጓጓ ሴትየዋ ትዝ አሉኝ፤ ግን ሥራ ነበረብኝ።

ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ አሰናብቶን ወጣን። ጫማችን በሙሉ ውጭ ነበር፤ በጭቃ ተለውሶ እናገኘዋለን ብለናል። ጫማዎቹ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ተሰብስበዋል። በላያቸው ያ ማዳበሪያ ተቀድዶ ተዘርግቷል፤ ጫፍና ጫፉ በድንጋይ ተይዟል። ላልደረሰው ፌስታል አልብሰውታል። እናቲቱ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተጣብቆ፣ የልጆቹን ጫማ ጥንድ ጥንዱን እየለዩ ያድላሉ።

ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ቅድም ስላስነሣሁዎት ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ግራ ገብቷቸዋል። «መቼ ነው ያስነሣኸኝ ልጄ?» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው «ይሄ ጥቁሩ ያንተ ነው?»