አይኤስኦ 26000 ሰርተፍኬት አለው ወይ?

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለተነሳ አንዴ በደንብ ላብራራው። «የአይኤስኦ 26000 ሰርተፍኬት አለን» የሚል ድርጅት ስታዩ ጠርጥሩ። እንዲህ የሚባል ሰርተፍኬት የለም።

አይኤስኦ 26000 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የማኅበራዊ ኃላፊነት መመሪያ ነው። «ይህን ብታደርጉ መልካም ነው» ይላል እንጂ «ይህን የግድ ማድረግ አለባችሁ» አይልም። የግድ የሚባል መስፈርት ከሌለው ደግሞ ኦዲተር «አሟልታችኋል» ብሎ የሚፈርምበት ነገር አይኖርም። ለሰርተፍኬት እንዳልተዘጋጀ ሰነዱ ራሱ በግልጽ አስፍሯል።

ሰውን የሚያምታታው ስሙ ይመስለኛል። አይኤስኦ 14001 የሚባለው የአካባቢ አያያዝ ሥርዓት መስፈርት ሰርተፍኬት ይሰጥበታል። ስለዚህ ሁሉም አይኤስኦ እንደዚያው ይመስለናል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ መመሪያውን አንብቦ የሠራተኞቹን የሥራ ሰዓት አስተካከለ እንበል። «አይኤስኦ 26000ን ተጠቅመን አሠራራችንን አሻሽለናል» ቢል እውነቱን ነው። «ሰርተፍኬት አግኝተናል» ካለ ግን ገዢውን እያሳሳተ ነው። ያውም በኃላፊነት ስም! ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ሥራውን በትክክል ሠርቶ ሳለ ለምን ያበላሸዋል?

መመሪያውን ሲጠቀሙበት ከድርጅት ድርጅት የሚለያየው ትኩረቱ ነው። መመሪያው ሰባት ጉዳዮችን ያነሳል፦ የድርጅት አመራር፣ ሰብአዊ መብት፣ የሥራ ሁኔታ፣ አካባቢ፣ ፍትሐዊ አሠራር፣ ሸማችና ማኅበረሰብ። ሰባቱም ሁሉንም ድርጅት ይመለከታሉ። በየትኛው ዝርዝር ይጀመር የሚለው ግን እንደ ሥራው ዓይነት ነው። በአገሩ ሕግ የተደነገገው ደግሞ መመሪያ ኖረም አልኖረም ግዴታ ነው።