የፈተና ጭንቀትና ክኒን፦ ዶርም ውስጥ የሚወራውና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ተማሪ በሚበዛበት ሰፈር መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ፋይናል ሲቃረብ፣ ይልቁንም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የሚቀመጡበት የመውጫ ፈተና ሲደርስ፣ ማታ ማታ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «እህቴ፣ ነገ ኤግዚት አለብኝ፤ ልብ የሚያረጋጋ ክኒን ካለ ስጪኝ።» አንዱ የክኒኑን ስም ስልኩ ላይ ጽፎ ያሳየኛል፤ ሌላዋ የጓደኛዋን ባዶ እሽግ ይዛ ትመጣለች። የአራት ዓመት ልፋታቸውን ፍርሃት እንዳይበላባቸው እርዳታ መፈለጋቸው ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይዘውት የሚመጡት ወሬ ነው።

«ፕሮፕራኖሎል ቀላል ክኒን ነው፤ ለጓደኛዬ ሠርቷል፣ ለእኔም ይሠራል»

ፕሮፕራኖሎል መጀመሪያ የተሠራው ለልብ ሕመም ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አገኙት፤ በ1988 ከኖቤል ሽልማት ያደረሳቸው አንዱ ሥራቸውም ይኸው ነው። ስንፈራ ሰውነታችን አድሬናሊን ይለቃል፤ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ አድሬናሊኑ ልብ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ስለዚህ ድለቃውና መንቀጥቀጡ ይበርዳል። «ብወድቅ ቤተሰቤን በምን ዓይን አያለሁ» የሚለውን ሐሳብ ግን አይነካውም። መምህራን ፊት ቆማ ጽሑፏን ስታቀርብ ድምፅዋና እጇ ለሚንቀጠቀጥባት ልጅ ሐኪም ሊያዝላት ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ በሐሳብ ሲናጥ ለሚያድር ተማሪ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው።

አስም ካለባችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። አድሬናሊን የሚያርፍበት ቦታ ሳንባ ውስጥም አለ፤ እሱ ሲያዝ የአየር ቧንቧ ይጠባል፣ የምትስቡት ኢንሄለርም እንደ ወትሮው ላይደርስላችሁ ይችላል። አንድ ክኒን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የልብ ምቱ ቀድሞውንም የሚዘገይ፣ የደም ግፊቱ ዝቅ የሚልም ሰው እንዲሁ ይጠንቀቅ። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ታማሚ ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቀው የልብ ድለቃና መንቀጥቀጥ ነው፤ ክኒኑ ይህን ምልክት ይደብቅበታል። ከዶርም ጓደኛ እጅ የተቀበላችሁት ፍሬ ይህን ሁሉ አይጠይቃችሁም። እኔ የምጠይቃችሁ ለዚህ ነው፤ ስጠይቅ የከለከልኳችሁ አይምሰላችሁ።

ሐኪም አዞላችሁም ቢሆን መጀመሪያ የምትሞክሩት ፈተና በሌለበት ቀን ይሁን። አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል፤ ይህን ፈተና አዳራሽ ውስጥ ማወቅ አያስፈልግም።

«ዲያዚፓም ውጬ ተረጋግቼ አነባለሁ»

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ዲያዚፓም በእርግጥ ያረጋጋል፤ ነገር ግን ከዋጣችሁት በኋላ የምታነቡት አእምሮ ውስጥ አይቀመጥም። ክኒኑ አዲስ ነገር የመያዝ አቅምን ያዳክማል። ማታ የተዋጠው ጠዋት ላይ አልወጣም፤ ከሰውነት ለመጽዳት ቀናት ይወስድበታል፣ ስለዚህ ፈተናው ላይ ፈዝዛችሁ ትቀመጣላችሁ። በየቀኑ ከተወሰደ በሳምንታት ውስጥ ሱስ ሊሆን ይችላል። ከአረቄ፣ ከቢራ ወይም ትራማዶል ከሚባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ያለ ልዩ ማዘዣ የማንሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

«ፍሉኦክሴቲን አምስት ቀን ሲቀረው ብጀምር ይደርስልኛል»

አይደርስም። ፍሉኦክሴቲንና መሰሎቹ የሚታዘዙት ከፈተና ውጭም ለማይለቅ ጭንቀት ነው፤ ሥራቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወር በላይ ቆይቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም እረፍት ሊነሱ ይችላሉ። ከ25 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች ሲጀምሩ ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይመጣባቸው የቅርብ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ተሽሎኛል ብሎ በድንገት ማቋረጥም ያሳምማል፤ የሚተወው ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ምክር ነው።

«ልቤ ከደለቀ ጭንቀት ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። በአካባቢያችን እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ የእንቅርት ዕጢ ከልኩ በላይ ሲሠራ ልብ ያስደልቃል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ክብደት ይቀንሳል። ደም ማነስም ልብ ያስመታል። ፈተናው አልፎም ድለቃው ካልቀረ ምርመራ ያስፈልጋል።

«ጫትና ቡና አጠንክሬ፣ በላዩ ማረጋጊያ ብወስድ ይመጣጠናል»

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብ ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ቡናም ሲበዛ እንዲሁ። በአንድ እግር ነዳጅ፣ በሌላው ፍሬን ረግጦ መንዳት ማለት ነው። ለማስታወስ ደግሞ እንቅልፍን የሚተካ ክኒን የለም፤ ያነበብነው ሥር የሚይዘው ተኝተን ነው።

«መድኃኒት የሚወስድ እምነት የጎደለው ነው»

አንዳሳ ጊዮርጊስ ጠበል ተጠምቆ የሚመለስ ተማሪ አውቃለሁ፤ ክኒኑንም በሰዓቱ ይወስዳል። ሁለቱ አይጣሉም። የምለምናችሁ ጠበል ስትገቡ የታዘዘላችሁን እንዳታቋርጡ ነው።

«የአእምሮ ሐኪም ጋ መሄድ የእብድ ነው»

ይህ ወሬ ከክኒኖቹ ሁሉ የበለጠ ጎድቶናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምተን አድገን፣ ጭንቀት ላይ ስንደርስ እንረሳዋለን። ለፈተና ፍርሃት ሐኪም ከማንኛውም ክኒን አስቀድሞ የሚመክረው የንግግር ሕክምና ነው፤ የፍርሃቱን ሐሳብ አንድ በአንድ እየመረመሩ መለወጥ፣ ከዚያም የድሮ ፈተናዎችን ሰዓት ይዞ ደጋግሞ መሥራት። አዳራሽ ውስጥ አእምሮ ባዶ ሲሆን ደግሞ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ አየሩን ከሳቡበት ረዘም አድርጎ ጥቂት ጊዜ ማስወጣት የልብን ምት ያበርዳል።

ግቢያችሁ ውስጥ የምክር አገልግሎት ወይም ክሊኒክ ካለ ከዚያ ጀምሩ። ከዚያ በላይ ከሆነ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ስትሄዱ የምትወስዱትን ክኒን እሽጉን ይዛችሁ ሂዱ፤ አስም፣ ስኳር፣ እርግዝና ወይም ጫት ካለ ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ቀጠሮውንም ፈተናው ወር ሲቀረው ያዙ።